ጠርሙሱ ይቆጠራል፣ ጀሪካኑ ያልፋል

የቢራ መኪና ደብረ ታቦር የሚደርሰው በወረታ በኩል ነው። ጎንደር ከሚገኘው ዳሽን ፋብሪካ የተነሣ እንደሆነ ማክሰኚትንና አዲስ ዘመንን አልፎ ወረታ ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል። ከዚያ የፎገራን የሩዝ ማሳ ከኋላው ትቶ እያቃሰተ የፋርጣን አቀበት ይያያዘዋል። መንገዱ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ነው፤ እስከ ዛሬ “የቻይና መንገድ” የሚሉት አሉ። መጋዘኑ በር ላይ ወዛደሮች ሳጥን ያወርዳሉ። የአከፋፋዩ ሒሳብ ሠራተኛ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ደብተሩን ክንዱ ላይ አስደግፎ ይቆጥራል። ሙሉ ሆኖ የገባው ይጻፋል፣ ባዶ ሆኖ የሚመለሰው ይጻፋል፣ መንገድ ላይ የተሰበረው ሳይቀር ይጻፋል። ባለግሮሰሪው ፈርሞ ደረሰኙን ይቀበላል፤ ንግድ ፈቃዱ ከባንኮኒው በላይ፣ ከማርያም ሥዕል ጎን፣ በመስተዋት ተከድኖ ተሰቅሏል።

ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው ቅያስ ደግሞ በዚያው ሰዓት ሌላ የጅምላ ንግድ ይካሄዳል። ከገጠር ቀበሌ ጎሕ ሳይቀድ የተነሣች ሴት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ከአህያ ጀርባ አውርዳለች። አረቄ ቤት ያላቸው እናት ከደጃፋቸው ወጥተው ክዳኑን ይከፍታሉ።

“ዳግም አረቄ ነው?”

“ዳግም ነው እንጂ። አንቱ ቅመሱት።”

መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ያሹታል፣ ያሸቱታል፤ ቀጥሎ በትንሽ መለኪያ ቀድተው ይቀምሱታል። ያልረኩ እንደሆነ ክብሪት ይለኩሱበታል፤ ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ ከቆየ ውኃ አልገባበትም ማለት ነው። ዋጋ ይቆረጣል። ደረሰኝ የለም፣ ቴምብር የለም፣ ፊርማ የለም። ከአንዱ መቀነት የወጣ ብር ወደ ሌላው መቀነት ይገባል።

አገራችን ስለ መጠጥ ያወጣቻቸው ሕጎች ጥቂት አይደሉም። ሁሉም ማለት ይቻላል የተጻፉት የመጋዘኑን በር እያዩ ነው። በደቡብ ጎንደር ደጋ ግን፣ በፋርጣም ይሁን በጉና በጌምድር፣ በላይ ጋይንትም ይሁን በስማዳ፣ ሰው የሚጠጣው መጠጥ አብዛኛው የሚመጣው በቅያሱ በኩል ነው። መንግሥት ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። አውቆም እጁን የሰበሰበበት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ግን ስንፍና ይመስለኛል።

የፋብሪካው በር

በጠርሙሱ እንጀምር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በቢራ ላይ የጣለው ታክስ ሁለት መልክ ነበረው፤ ከፋብሪካው የመሸጫ ዋጋ 40 በመቶ፣ ወይም በሊትር 11 ብር፣ ከሁለቱ የሚበልጠው። ከእርሱ በፊት የነበረው የ1995ቱ አዋጅ ቁጥር 307 ለቢራ፣ ለወይን ጠጅና ለውስኪ 50 በመቶ፣ ለሌላው አልኮል ደግሞ 100 በመቶ ይል ነበር። በቁጥር ሲታይ አሮጌው የከበደ ይመስላል። ልዩነቱ ያለው ማስያው ላይ ነው። አሮጌው የሚያሰላው ከማምረቻ ወጪ ነበር፤ ወጪውን የሚያውቀው ደግሞ ባለፋብሪካው ነው። ወጪን አሳንሶ መጻፍ ታክስን ማሳነስ ነበር። አዲሱ ፋብሪካው በር ላይ የሚሸጥበትን ዋጋ ያዘ፤ ዋጋውም ተቀንሶ እንዳይጻፍ ከሥሩ የ11 ብር ወለል አነጠፈበት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሳጥን 24 ጠርሙስ ይይዛል፤ ጠርሙሱ 33 ሳንቲ ሊትር ነው። ይህ 7 ሊትር ከ92 ሳንቲ ሊትር ይሆናል። በሊትር 11 ብር ሲታሰብ ከአንድ ሳጥን ቢያንስ 87 ብር ከ12 ሳንቲም ለመንግሥት ይገባ ነበር ማለት ነው፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ከዚህ በላይ ነው። ወለሉ የሚሠራው የፋብሪካው ዋጋ በሊትር ከ27 ብር ከ50 በታች እስከሆነ ድረስ ብቻ ነበር። ዋጋው ከዚያ ሲያልፍ 40 በመቶው ይረከብ ነበር። ኑሮ እንዲህ በተወደደበት ዘመን ወለሉ ብዙም ዕድሜ እንደማይኖረው አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በሮቹ ጥቂት ስለሆኑ ነው። የቢራ ፋብሪካዎቻችን ተቆጥረው የሚያልቁ ናቸው። አንጋፋው ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1915 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1990ዎቹ መባቻ ግድም ቢ.ጂ.አይ. የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ገዛው። በደሌንና ሐረርን እ.ኤ.አ. በ2011 ሃይኒከን ወሰዳቸው። ዳሽን በ1992 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ሥራ ጀመረ፤ ኋላ ደብረ ብርሃን ላይ ሌላ ፋብሪካ አቆመ። ጂንና ኡዞ የሚያወጡት የአረቄ ፋብሪካዎችም ቢሆኑ ሰፈራቸው ይታወቃል፤ ትልቁ፣ ብሔራዊ አልኮልና አረቄ፣ ራሱ የመንግሥት ነው። ገቢ ሰብሳቢው ደብረ ታቦር ድረስ ወርዶ እያንዳንዱን ብርጭቆ መቁጠር አይጠበቅበትም። በሩ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ይቆርጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ ከአከፋፋይ ወደ ቸርቻሪ፣ ከቸርቻሪ ወደ ጠጪ እየተላለፈ ይወርዳል።

ከበሩ በታች ያለውን ደግሞ የንግድ ሕጉ ይይዘዋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980 አከፋፋዩንም ቸርቻሪውንም ፈቃድ እንዲያወጣ፣ በየዓመቱም ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ እንዲያድስ ያዛል። ጅምላው ለብቻ ፈቃድ አለው፣ ችርቻሮው ለብቻ። ባለግሮሰሪው ዕድሳት ሲመጣ የግብር ክሊራንስ ይዞ ንግድ ጽሕፈት ቤት ይሰለፋል። ጤና ጽሕፈት ቤት መጥቶ ሽንት ቤቱን፣ የብርጭቆ ማጠቢያውን ያያል። ይህ ቁጥጥር ጠንክሯል ወይስ ላልቷል ብለን እንከራከር ይሆናል እንጂ አለመኖሩን የሚናገር የለም።

ድሉን ያፈሰሰ ዋንጫ

ደብረ ታቦር ስለ መጠጥ የሚነገር የራሷ ታሪክ አላት፤ ታሪክ ጸሐፊዎች የሚጽፉት ነው። በ1834 ዓ.ም. የትግሬውና የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ በደብረ ታቦር ይገዛ የነበረውን ራስ ዓሊን ወግቶ ሊነቅል እስከዚያው ድረስ መጣ። ውጊያው ቀናው፤ ዓሊ ሸሸ። ውቤና ሹማምንቱ የሸሸውን ጌታ ሰፈር ይዘው ድላቸውን በመጠጥ ሲያከብሩ ከዓሊ ወገን የሆነው የየጁው ብሩ አሊጋዝ በድንገት ደረሰባቸው። አሸናፊው ዋንጫውን እንደያዘ ተማረከ። ጠዋት በጦር ያገኘውን ማታ በጠጅ የሰጠ ሰው ማለት እርሱ ነው።

በዚያ ዘመን መጠጥን የሚቆጣጠረው ማዕረግ ነበር። ጠላ የሁሉም ነው፤ ጠጅ ግን የጌታ ነው። ማር ለግቢ የሚገባ ግብር ነበር፣ ጠጅ የሚጥለው ጠጅ ቤት በአዛዥ ይጠበቃል፣ ማን ከየትኛው ጠጅ እንደሚጠጣ የሚወስነው አሳላፊው ነው። ተራው ሰው ጠጅ የሚቀምሰው በግብር ላይ ተቀምጦ፣ ጌታው ሲያዝለት ነው። ፈቃዱ ወረቀት ላይ አልሰፈረም እንጂ ዛሬ ከባንኮኒ በላይ ከተሰቀለው ወረቀት ይልቅ ጥብቅ ነበር። በሌላ በኩል የጠላ ጋን የማንም ሴት ነበር፤ ማንም ሹም ይህን አልነካም። የዛሬው ሕግ ጋኑን ሳይነካ ማለፉ እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም፣ ሥሩ ረጅም ነው።

የውቤ ወንድም ልጅ፣ እቴጌ ጣይቱ ብጡል፣ እ.ኤ.አ. በ1907 አዲስ አበባ ላይ ሆቴላቸውን ከፈቱ። መጠጥ በገንዘብ የሚሸጥበት ከተማ እየተወለደ ነበር፤ ጠጅ ቤቱም እየበዛ፣ የውጭ ኮኛክም በጅቡቲ በኩል እየገባ። መንግሥት በዚህ ኮኛክ ላይ እንዳሻው ቀረጥ ልጣል ቢል እጁ ታስሮ ነበር። በጥር 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል በፈረንሳይ ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ገድቦት ነበር፤ ሌሎቹም መንግሥታት ያንኑ መብት ለራሳቸው ይጠይቁ ነበር። መጠጥን በታክስ ለመቆንጠጥ መጀመሪያ የገዛ ኬላን ማስመለስ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። ስለ ታክስ ስናማርር ይህን ማስታወሱ አይከፋም፤ መጠጥን የመቅረጥ ሥልጣን በነጻ የተገኘ አልነበረም።

ድፍድፍ

አረቄ እንዴት እንደሚወጣ ሳይታይ ለምን ከሕግ እንደሚያመልጥ አይገባም። የጌሾ ቅጠል ይደርቃል፣ ይወቀጣል፤ ብቅል ይበቅላል፣ ይፈጫል። ሁለቱ ከውኃ ጋር ተደባልቀው ይጠነሰሳሉ። ጥንስሱ ሦስት አራት ቀን ከቆየ በኋላ የዳጉሳ፣ የበቆሎ ወይም የገብስ ዱቄት ተቦክቶ ቂጣ ይጋገራል፣ ይቆራረሳል፣ ይገባበታል። ድፍድፉ እስኪበስል ተከድኖ ይቀመጣል። ከዚያ እሳት ነው። ድፍድፉ በማሰሮ ይጣዳል፣ አፉ በጭቃ ይመረጋል፣ ከአንገቱ ሸምበቆ ይወጣና ውኃ ውስጥ ወደተቀመጠው መቀበያ ይወርዳል። እንፋሎቱ ሸምበቆው ውስጥ እየቀዘቀዘ ጠብ ጠብ ይላል። የመጀመሪያው ተራ አረቄ ነው፤ የአልኮል መጠኑ በመቶ 30 አካባቢ ነው። ተራው ተመልሶ ሲጣድ ዳግም ይሆናል፤ ዳግም ከ40 በመቶ በላይ ይወጣል። ጠላ በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 በመቶ ነው፣ ፋብሪካ የሚያወጣው ቢራ 5 በመቶ ግድም። በ2012ቱ አዋጅ ቢራው 40 በመቶ ታክስ ተጣለበት፤ ከ40 በመቶ በላይ አልኮል ያለው ዳግም ምንም አይከፍልም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በጓሮ ነው፤ የምትሠራውም ሴት ናት። ማገዶው ባሕር ዛፍ ነው፤ አንዴ የተጣደ አረቄ ለማውጣት ከማለዳ እስከ ማታ እሳት አይጠፋም። ጭሱ ዓይን ያጠፋል። ማሰሮ ይፈነዳል፣ እንፋሎት ያቃጥላል። ትርፉ ከሽያጩ ብቻ አይመጣም፤ አተላው ላሟንና በጎቿን ይመግባል፣ ለፋሲካ የሚሸጠው ሙክት የሚደልበው በእርሱ ነው። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች፣ መሬት ያልደረሳት ሴት ከማንም ብድር ሳትጠይቅ የምትጀምረው ሥራ ቢኖር ይኸው ነው። መነሻው ጥቂት ጣሳ እህል፣ ሁለት ማሰሮ፣ አንድ ሸምበቆ ነው። ማንም አበዳሪ ተቋም ይህን ያህል ትንሽ መያዣ አይቀበልም።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ የተጻፈ ታክስ ምን ያድርግ? የእያንዳንዷን ጓሮ በር ማንኳኳት የሚያመጣው ገቢ ለአንኳኳው ደመወዝ አይበቃም። የገቢ ግብር ሕጉም ይህን ያውቀዋል። የ2008ቱ አዋጅ ቁጥር 979 ዓመታዊ ሽያጩ ከ500 ሺሕ ብር በታች የነበረውን ነጋዴ ደረጃ “ሐ” ብሎ፣ መዝገብ ከመያዝ ነጻ አውጥቶ፣ በቁርጥ እንዲገብር አደረገው። ከተማ ውስጥ ደጇ ላይ እንጨት ተክላ ጣሳ የደፋችበት ጠላ ሻጭ የምትገናኘው ከዚህ ጋር ነበር፤ ግምት ከሚገምቱት ሰዎች ጋር። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት በመላ አገሪቱ ሲወጣ ምን እንደሆነ እናስታውሳለን። አምቦን በመሳሰሉ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ፣ አዲስ አበባም ላይ ጩኸቱ በረታ። ከጮኸው መካከል ትልቅ ነጋዴ ነበረበት፣ ግን ሱቋ አንድ ክፍል የሆነች ሴትም ነበረች። ቀንሽ ይህን ያህል ያስገባል ብሎ የሚነግርሽ ሰው የዝናቡን ሳምንት፣ የጾሙን ወር፣ ገንቦ የተሰበረበትን ቀን አያስብም። ከዚያ ወዲህ ጋኑን ቀርቦ መቁጠር ለየትኛውም ሹም የሚያጓጓ ሥራ አልሆነም።

ታክሱ ይቅር እሺ። ያልገባኝ ጤናው ነው። ሜታኖል የሚባለው ዕውር የሚያደርግና የሚገድል አልኮል ከእህል ድፍድፍ የሚወጣው በጥቂቱ ነው፤ ብዙ የሚያወጣው ፍራፍሬ ነው፤ አደጋው የሚከፋው ደግሞ አትራፊ ሰው የፋብሪካ አልኮል የቀላቀለበት እንደሆነ ነው። በጓሮ የሚያወጡት ሴቶች ይህን አያደርጉም፤ ጎረቤታቸውን ነው የሚያጠጡት። ጀሪካኑ ሦስት አራት እጅ ሲለዋውጥ ግን ማን ምን እንደጨመረበት የሚያውቅ የለም። ሰማያዊ ነበልባል ውኃ አለመግባቱን ይናገራል እንጂ መርዝ አለመግባቱን አይናገርም፤ ሜታኖልም ሰማያዊ ይነድዳል።

“የማን ልጅ ነህ?”

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሁለት ከባድ ነገር አደረገ። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ከለከለ፤ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወጣ። እስከ ግንቦት 2011 ድረስ እኛ ቴሌቪዥን የምናየው በቢራ ገንዘብ ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም፤ እግር ኳሱ፣ ድራማው፣ የበዓል ዝግጅቱ ሁሉ የተከፈተው በአረፋ ነበር። በአንድ ሌሊት ጸጥ አለ። ጣቢያዎች ገቢያቸው ወረደ፣ አንዳንድ ፕሮግራም ተዘጋ። እኔ ግን ጸጥታውን ወድጄዋለሁ።

አረቄ ቤት ግን መጀመሪያም ማስታወቂያ አልነበረውም። የሚያስተዋውቀው የጓሮው ጭስ ነው። የ21 ዓመቱም ደንብ ቢሆን መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋል፤ አረቄ ቤት ገብቶ መታወቂያውን ያሳየ ወጣት ገና አላየሁም። በምትኩ ሌላ ጥያቄ አለ። የቤቱ እናት ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አይተው “የማን ልጅ ነህ?” ይላሉ። አባቱን ካወቁ መለኪያውን ያነሣሉ። “ጋሼ እከሌ ሳይሰማ ውጣልኝ!” ይህ ከማንኛውም አዋጅ ይልቅ የሚሠራባት ቀን አለች። የማይሠራባት ቀንም አለች፤ ልጁ ከሌላ ወረዳ ለትምህርት ወይም ለቀን ሥራ የመጣ እንደሆነ አባቱን የሚያውቅ የለም። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ ከሩቅ አገር የመጡ ልጆች የተከራዩበት ሰፈር ሞልቷል። በዝምድና የሚጠብቀው ቁጥጥር የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው፤ የመንግሥቱ ደግሞ እዚያ አልጀመረም።

የደጋው ትልቁ ተቆጣጣሪ ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ዐቢይ ጾም አለ፣ ፍልሰታ አለ። ጠላ ከሥጋና ከወተት ጋር አይቆጠርም፤ አረቄ ቤት ግን በሁዳዴ ሲቀዘቅዝ ያያችሁት ነው። ጠላ በሌላ በኩል የማኅበር ነው። በጽዋ ማኅበሩ ተራ የደረሳት ቤት ትጠምቃለች፣ ካህኑ ጸበል ጸዲቁን ይባርካል፣ ማኅበርተኛው ጠጥቶ ተጨዋውቶ በጊዜ ይነሣል። ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ መጠኑን የሚወስነው ማኅበሩ ነው። ፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና ቀልዳቸውን ሲነግሩ ሰው የሰማቸው በእንዲህ ያለው ስብስብ እንጂ በግሮሰሪ አይመስለኝም። የደብረ ታቦርና የይፋግ ሙስሊሞች ደግሞ ከገብስ የማያሰክረውን ቀሪቦ ይጠምቃሉ፤ በዚያው እህል የሌላ ሕግ ሰዎች ናቸው።

ፈጽሞ የከለከለም አለ። አውራምባ፣ ፎገራ ወረዳ ውስጥ ከወረታ ብዙም ሳይርቅ ያለው ማኅበረሰብ፣ እስቴ ተወልደው ያደጉት ዙምራ ኑሩ በ1960ዎቹ የመሠረቱት ነው። ሴትና ወንድ እኩል የሚሠሩበት፣ ሽማና ወፍጮ ያለበት ያ መንደር መጠጥን ከልክሏል፤ ጠላም አይጠመቅም፣ አረቄም አይወጣም። ፖሊስ የለውም፤ የሚያስገድደው የጋራው ኑሮ ነው። እንግዳ ሆኖ የሄደ ሰው ይገረማል፣ ያደንቃል፣ ተመልሶ ወረታ ላይ ቢራ ያዝዛል። አንድ መንደር ሊያደርገው የሚችለውን አንድ ዞን ሊያደርገው አይችልም፤ ዙምራም በአዋጅ አይደለም ያደረጉት።

አገር ሲከለክል የሚሆነውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1983 በኒሜሪ ጊዜ መጠጥ ስትከለክል ውስኪው ካርቱም ላይ አባይ ውስጥ ተደፋ። ጠማው ሰው ግን አልጠፋም፤ ከጋላባት ማዶ መተማ ላይ የሱዳን ደንበኛ የሚጠብቁ መጠጥ ቤቶች በቀሉ። ክልከላው መጠጡን ወደ እኛ ወሰን አሻገረው እንጂ አላጠፋውም። ሱዳን ሙስሊም ላልሆኑ ዜጎቿ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው።

ዩጋንዳ የሞከረችው

ጀሪካንን በሕግ ለመያዝ ከአካባቢያችን አገሮች በትጋት የሞከረችው ዩጋንዳ ናት። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው የእንጉሊ ሕግ ማንም ሰው የቤት አረቄ ያለ ፈቃድ እንዳያወጣ ከለከለ፤ ፈቃድ ያለው ደግሞ ምርቱን ለአንድ ፋብሪካ ብቻ እንዲሸጥ አዘዘ። ፋብሪካው ገዝቶ፣ አጥርቶ፣ ጠርሙስ ውስጥ አስገብቶ “ዩጋንዳ ዋራጊ” ብሎ ሸጠው። በወረቀት ላይ የሚያምር አሠራር ነው፤ የቤት ምርቱ ሳይጠፋ የጅምላ ንግዱ በአንድ በር እንዲያልፍ ያደርጋል። ዋራጊው ታዋቂ ሆነ፤ የጓሮው አረቄ ግን አልጠፋም። አንድ ገዢ ብቻ ሲኖር ዋጋውን የሚቆርጠው እርሱ ነው፤ ጓሮው ውስጥ ያለችው ሴት ደግሞ ጎረቤቷ የተሻለ እንደሚከፍል ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ ምዕራብ ዩጋንዳ ሜታኖል የተቀላቀለበት አረቄ ብዙ ሰው ፈጀ።

ኬንያ ቻንጋ የተባለውን የቤት አረቄዋን እ.ኤ.አ. በ1980 ከለከለች፣ በ2010 ፈቀደች፤ ፈቃዱ የመጣው ጠርሙስ፣ ምልክትና ደረጃ ይኑረው ከሚል ግዴታ ጋር ነበር። ግዴታውን ማሟላት የቻለው ባለገንዘቡ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ እዚያም በሜታኖል ብዙ ሰው ሞተ። ከሁለቱም አገሮች የምወስደው ነገር ፈቃድ ከንቱ ነው የሚል አይደለም። ይልቁንም ሁለቱም ሕጉን የጀመሩት ከማሰሮው ነው። ማሰሮ ደግሞ ብዙ ነው፣ ይደበቃል፣ ቢሰበር ይተካል።

ጀሪካኑ ግን መንገድ ላይ ይወጣል። ጓሮ የወጣው አረቄ በአህያ ደብረ ታቦር ይደርሳል፤ ከደብረ ታቦር በሚኒባስ ጣራ ላይ ወረታ፣ ከወረታ ባሕር ዳር ይወርዳል። የሚሰበስቡት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ የመናኸሪያው ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። አረቄው ከጎረቤት መጠጥነት ወደ ንግድ ዕቃነት የሚለወጠው እነርሱ እጅ ሲገባ ነው፤ ቅልቅልም ቢኖር የሚገባው እዚያ ነው። ፈቃድ፣ የአልኮል መጠን የሚያሳይ ተንሳፋፊ መለኪያ፣ ከየት ቀበሌ እንደመጣ የሚናገር ምልክት፣ ናሙና የሚቀበል ላቦራቶሪ፣ እነዚህን ከሰብሳቢው መጠየቅ ይቻላል። ጓሮ መግባት አያስፈልግም፣ የመበለቲቱን ማሰሮ መስበርም አያስፈልግም። የቢራው ሕግ የሚሠራው በሩ ጥቂት ስለሆነ ነው ካልን፣ አረቄም ጥቂት በር ያለው አንድ ቦታ አለው፤ እስካሁን እዚያ የቆመው ኬላ ግን ኮንትሮባንድ ልብስ የሚፈትሽ ነው።

ይህን ሐሳብ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ፣ ሸምበቆዋን በውኃ እያቀዘቀዘች ለነበረች አንዲት ሴት ነገርኳት። ስትሰማ ቆየች፤ እሳቱን ቆስቁሳ፣ ጭሱን በነጠላዋ ጫፍ ከዓይኗ ጠርጋ የጠየቀችኝ ስለ ታክስ አልነበረም፣ ስለ ጤናም አልነበረም።

“ፈቃድ ያለው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ የሚገዛኝ፣” አለች፣ “ዋጋውን ማን ሊቆርጥልኝ ነው?”

ዩጋንዳዎች ያልመለሱት ጥያቄ ይኸው ነው። እኔም ፈቃዱ ለአንድ ሳይሆን ለብዙ ሰብሳቢ ይሰጥ፣ ከፈለጋችሁ እናንተው ተደራጅታችሁ አውጡት አልኳት። “እንደራጅ ካልን ደግሞ ግምት ይመጣል” ብላ ሳቀች።